አረቦን ሲከፈል ቤት፣ ካሳ ሲጠየቅ ባዶ መኪና፦ ከሐዋሳ የካምፒንግ ተሽከርካሪ ባለንብረቶች ለመድን ድርጅታችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመድን ድርጅታችን የተሽከርካሪ ካሳ መምሪያ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በግጭት የተጎዱ የካምፒንግ ተሽከርካሪዎች የጥገና ካሳ አያያዝ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኛ በሐዋሳ ከተማ የምንኖር አሥራ አንድ ባለንብረቶች ነን። ጣሪያቸው ላይ ድንኳን በተገጠመላቸው ላንድክሩዘሮች እና በአነስተኛ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በተሠሩ የመኝታ መኪኖች የአገር ውስጥና የውጭ እንግዶችን ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆና ወደ ባሌ ተራሮች እያመላለስን እንተዳደራለን። ሁሉም ተሽከርካሪዎቻችን በድርጅትዎ የሐዋሳ ቅርንጫፍ በኩል ሙሉ ሽፋን የገቡ ናቸው። ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያደረገን ባለፈው መስከረም ወር ቅርንጫፉ ጠርቶ ያነበበልን፣ ከመምሪያዎ ተላለፈ የተባለ ውሳኔ ነው። ውሳኔው ሁለት ነገር ይላል፦ የጥገና ግምቱ ከ150,000 ብር በላይ የሆነ ተሽከርካሪ አዲስ አበባ ውስጥ ድርጅቱ ውል ባሰራቸው ጋራዦች ብቻ ይጠገናል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ በተሽከርካሪው ላይ ያልነበረ ማንኛውም ነገር ደግሞ «የተሽከርካሪው አካል» ስላልሆነ ካሳ አይከፈልበትም። ቅጂውን ስንጠይቅ የውስጥ ደብዳቤ ነው ተብለን ተከልክለናል። ኑሯችንን የሚነካ ውሳኔ በጆሮ ሰምተን ብቻ እንድንመለስ መደረጉን ከቅሬታዎቻችን አንዱ አድርገው ይመዝግቡልን።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የከፋ በመሆኑ ከእሱ እንጀምራለን። የመድን ጥያቄ ቅጽ ስንሞላ መኪናውን ደብቀን አላስገባንም። ከመካከላችን አንዱ የመኝታ መኪናውን ሲያስመዘግብ ሻንሲውንና ሞተሩን በ2,600,000 ብር፣ በላዩ የተሠራውን የመኝታ ሳጥን ከነአልጋው፣ ከነምድጃው፣ ከነውኃ ታንከሩና ከነሁለተኛው ባትሪ በ900,000 ብር፣ በድምሩ 3,500,000 ብር አስገምቶ ደረሰኞቹን አያይዟል። የአካል ለውጡ በሊብሬው ላይ ተመዝግቧል። የቅርንጫፉ ባለሙያ ግቢው ድረስ መጥቶ የውስጡንም የውጭውንም ፎቶ አንስቶ ሄዷል። ለሽፋኑ የሚከፈለው አረቦን የተሰላው በ3,500,000 ብር ላይ ነው። ያ 900,000 ብር አረቦን ሲሰላበት የተሽከርካሪው አካል ከነበረ፣ ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ከአካልነት የሚወጣበትን ምክንያት ሊያስረዳን የቻለ ሠራተኛ እስካሁን አላገኘንም። የመድን ውል በሁለቱም ወገን የሚነበብ ውል እስከሆነ ድረስ በአንድ ወገን የውስጥ ደብዳቤ ሊጠብ አይገባውም።

ይኸው ባለንብረት ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ከሻሸመኔ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ዳር ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ዝናብ ውስጥ ሲያልፍ የነበረ የጭነት መኪና የኋላ ግራ ማዕዘኑን ገጭቶበታል። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አንስቷል፤ ጥፋቱም የጭነት መኪናው ሹፌር እንደሆነ ተጽፏል። የድርጅቱ ገማች ቅርንጫፉ ግቢ ውስጥ መኪናውን ዞሮ ካየ በኋላ የኋላ ፓራውልት፣ አንድ መብራት፣ የማዕዘን ላሜራና ቀለም ብሎ መዘገበ። ምርመራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ አንዲት ብሎን እንኳ አልተፈታችም።

እዚህ ላይ መምሪያዎ ሊረዳው የሚገባ የሙያ ጉዳይ አለ። የተለመደ የቤት መኪና ሲገጭ ጉዳቱ በአብዛኛው ይታያል፤ ላሜራው ይጎብጣል፣ ባትላሜራ ሠሪው ያቃናዋል ወይም ይቀይረዋል። የመኝታ ሳጥን ግን የሚሠራው በሌላ ዘዴ ነው። ግድግዳው ከውጭ ስስ ፋይበር ግላስ፣ መካከሉ ፎም፣ ከውስጥ ኮምፖንሳቶ ሆኖ ሦስቱ በማጣበቂያ ተጣብቀው በእንጨት ፍሬም ላይ ይቆማሉ። ማዕዘኑ ሲመታ ፋይበር ግላሱ ተለጥጦ ወደ ቦታው ሊመለስና ከውጭ ጭረት ብቻ ሊታይበት ይችላል፤ ውስጥ ግን ማጣበቂያው ለቅቋል፣ የማዕዘኑ ማሸጊያ ተከፍቷል፣ የእንጨት ፍሬሙ ተሰንጥቋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ዝናብ ይሠራዋል። ውኃ በተከፈተው ማሸጊያ ገብቶ በፎሙና በእንጨቱ መካከል ይተኛል፣ ወለሉን ያሳብጣል፣ ከሳምንታት በኋላም መጀመሪያ የሚታወቀው በዓይን ሳይሆን በአፍንጫ በማሽተት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ከግጭት በኋላ ማዕዘኑ ተፈትቶ መታየት አለበት፤ ቢያንስ በእርጥበት መለኪያ መመርመር አለበት። ምድጃ ያለው ከሆነ ደግሞ የጋዝ መስመሩ ላይ ምንም ጉዳት ባይታይም የማፍሰስ ምርመራ ሳይደረግለት ሰው እንዲተኛበት መፍቀድ በሕይወት መጫወት ነው። ገማቹ ይህን ምርመራ «ከጥገና ወጪ የማይቆጠር» ብሎ ሰርዞታል።

ክረምቱ አለፈና መስከረም ላይ ወለሉ አበጠ። ባለንብረቱ ማዕዘኑን ያስከፈተው በሐይቁ ዳር የመዝናኛ ጀልባዎችን በሚጠግን የፋይበር ባለሙያ ነው፤ በከተማችን ይህን ዕቃ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለምና። የእንጨት ፍሬሙ ከማዕዘኑ ጀምሮ አንድ ሜትር ያህል በስብሶ ተገኘ። ተጨማሪ ግምት እንዲሠራለት ያቀረበው ማመልከቻ በሁለት መስመር ተመልሷል፦ ጉዳቱ በመጀመሪያው ምርመራ አልተጠቀሰም፤ መበስበስ ደግሞ የእርጅና ጉዳት ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ያልጠቀሰው ገማቹ ስላልፈታው ነው። ሳጥኑም ከተሠራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሲሆን፣ በቀኝ ማዕዘኑ ላይ ያለው ተመሳሳይ እንጨት እስከ ዛሬ ደረቅ ነው። የማይመቸውን መልስ «እርጅና» የሚል ቃል ውስጥ መክተት ለገማቹ ይቀለዋል፤ ለባለንብረቱ ግን የአንድ ወቅት ገቢ ነው።

የጣሪያ ድንኳን ጉዳይም ከዚሁ ይመደባል። አንዲት እህታችን ይርጋለም አካባቢ ከፊቷ ከመጣ አውቶቡስ ለመሸሽ ዳር ስትይዝ የላንድክሩዘሯ ጣሪያ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ተጋጨ። ድንኳኑ ተቀደደ፣ የተሸከመው ብረት ተጣመመ፣ ብረቱም ጣሪያውን አጎደጎደው። የተከፈላት የጣሪያው ማቃኛና ቀለም ብቻ ነው። ብረቱ በብሎን ከመኪናው ጋር የታሰረ፣ ድንኳኑም በቅጹ ላይ በዋጋ የተጻፈ ነበር።

ወደ ሌላው ቅሬታችን እንለፍ፤ ይኸኛው የካምፒንግ መኪና ላላቸው ብቻ ሳይሆን መኪና ላለው ሁሉ የሚሆን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ምን ያህል እንደተተኮሰ ለእርስዎ አይነገርም። ከእኛ መካከል አንዱ ከዚያ በፊት፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ላንድክሩዘሩን በ3,000,000 ብር አስገብቶ ነበር። ጥር 2017 ዓ.ም. ተጋጭቶ የጥገናው ግምት 640,000 ብር ሆነ። ድርጅትዎ መኪናው በዕለቱ የገበያ ዋጋ 5,000,000 ብር ያወጣል፣ ስለዚህ የተገባው ከዋጋው 60 በመቶ ብቻ ነው በማለት «አቨሬጅ» የሚባለውን ተመጣጣኝ ቅነሳ አስልቶ 384,000 ብር ላይ አቆመው፤ ከዚያም ላይ የራስ ድርሻ፣ ማለትም ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው የጉዳቱ ክፍል፣ ተቀነሰ። ከዋጋ በታች የተገባ መድን ካሳው በዚያው መጠን እንደሚቀንስ ሕጉ እንደሚያውቀው እናውቃለን፤ በሕጉ ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን ይህ ነው፦ የገበያው ዋጋ መለወጡን ድርጅቱ ከማንም በፊት ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ለአንድም ደንበኛ የተገባውን መጠን ከፍ አድርጉ፣ የአረቦኑን ልዩነት ክፈሉ የሚል ደብዳቤም የስልክ መልእክትም አልላከም። ዝም ብሎ ቆይቶ ስሌቱን በአደጋው ማግስት አወጣው።

የባሰው ደግሞ ከአንድ ወር በኋላ መጣ። የካቲት 2017 ዓ.ም. ሌላ አባላችን፣ መኪናው ከላይ ከተጠቀሰው ጋር አንድ ዓይነት ሞዴልና አንድ ዓይነት የምርት ዘመን ያለው፣ ዲላ መንገድ ላይ ተገልብጦ ከጥቅም ውጭ ሆነበት። እሱ ብልህ ነበርና ውሉን ሲያድስ በ4,500,000 ብር አስገብቷል። በዚህ ጊዜ ያው መምሪያ የመኪናው የዕለቱ የገበያ ዋጋ 3,900,000 ብር ነው አለው። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 678 ካሳው ንብረቱ በአደጋው ቀን ካለው ዋጋ እንዳይበልጥ ስለሚል ያንን ጠቅሶ ነው። መለኪያው ጥር ላይ 5,000,000 የሆነው፣ የካቲት ላይ 3,900,000 የሆነው መኪና አንድ ነው። ካሳው በከፊል ሲሆን ዋጋው ይወጣል፣ ካሳው ሙሉ ሲሆን ዋጋው ይወርዳል። ሁለቱም ግምቶች የተመሠረቱበትን ሰነድ ጠይቀናል፤ «የገበያ ጥናት» ከሚሉ ሁለት ቃላት በቀር የደረሰን የለም። ሚዛን የያዘ እጅ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ካየን ስህተት ነው ብለን ለማለፍ እንቸገራለን።

የጋራዡን ጉዳይ በተመለከተ፣ ድርጅቱ ለምን ጋራዥ መምረጥ እንደፈለገ ይገባናል። ፕሮፎርማ አሳብጠው የሚጽፉ ጋራዦች አሉ፤ ከእኛም መካከል ከጋራዡ ጋር ተስማምቶ አሮጌውን ፓራፋንጎ አቃንቶ በአዲስ ዋጋ ያስከፈለ ሰው እንደነበር አንክድም፤ ያንን ሰው ራሳችን ከመካከላችን አስወጥተነዋል። ይሁን እንጂ መፍትሔው ሁሉንም ወደ አዲስ አበባ መንዳት አልነበረም። መስከረም 12 ቀን የተገጨ የመኝታ መኪና በአዲሱ ውሳኔ መሠረት 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ አዲስ አበባ የደረሰው መስከረም 20 ቀን ነው። ለማስጫኛ 45,000 ብር ተከፍሎበታል፤ የመድን ውላችን (ፖሊሲው) ለመጎተቻ የሚከፍለው 5,000 ብር ነው። ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ መኪናው 43 ቀን ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። የሞተሩና የሻንሲው ሥራ አልቋል። የቀረው ሳጥኑ ነው፤ ጋራዡ ደግሞ ሳጥኑን የሠራውን የሐዋሳ አናጺ ስልክ እንድንሰጠውና ሰውዬው አዲስ አበባ መጥቶ እንዲሠራ እንድናስማማለት ለምኖናል። ማለትም መኪናው ሊጠገን የሄደው ጠጋኙን ትቶ ነው። የእኛ ሥራ የሚደራው ዝናቡ ካቆመበት ከመስከረም አንስቶ እስከ ጥር መሆኑን ለቅርንጫፉ በቃልም በጽሑፍም አስረድተን ነበር። የገቢ መቋረጥ በፖሊሲያችን እንደማይሸፈን እናውቃለን፤ ይሁንና መዘግየቱ ከአደጋው የመጣ ሳይሆን ከድርጅቱ ውሳኔ የመጣ ሲሆን ፖሊሲውን ብቻ ጠቅሶ ዝም ማለት ተገቢ አይመስለንም።

አደጋን ስለማሳወቅም አንድ ነገር እንበል። የመድን ውልን የሚመለከተው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ክፍል፣ አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ከወጣ በኋላም በሥራ ላይ ያለው፣ መድን ገቢው አደጋውን በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። አንድ ሹፌራችን ቱርሚ አካባቢ ከብት ለማዳን ሲል ከድልድይ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ፣ ኔትወርክ ያገኘው በማግስቱ ነበር፤ ወዲያው ለቅርንጫፉ ደውሎ «ቅጹን በአካል መጥተህ ሙላ» ተባለ። እንግዶቹን አሳፍሮ፣ የፖሊስ ማስረጃ አውጥቶ፣ መኪናውን አስጎትቶ ሐዋሳ ሲደርስ ስምንተኛው ቀን ሆነ። ጥያቄው በመዘግየት ውድቅ ተደረገ። የደወለበት ጥሪ በስልኩ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ድርጅቱ ዘንድ ግን ጥሪ የሚመዘገብበት መዝገብ የለም። ሕጉ አሳውቅ አለ እንጂ ቅርንጫፍ ቢሮ ድረስ ና አላለም።

የማጠቃለያ ሰነዱንም ሳንጠቅስ አናልፍም። መኪናው ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት «ካሳዬን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት እንድንፈርም ይደረጋል፤ ካልፈረምን ጋራዡ ክፍያ ስለማያገኝ ቁልፍ አይሰጠንም። በር የማይገጥም፣ ቀለም የተዥጎረጎረ፣ ፍሬቻው በተቃራኒ የሚበራ መኪና ይዞ የወጣ ባለንብረት ተመልሶ ሲሄድ ፊርማው ይታየዋል።

ጥፋተኛው ሌላ ወገን ሲሆን ያለው አሠራርም ግልጽ አይደለም። ድርጅቱ ካሳ ከፍሎ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 683 መሠረት በመድን ገቢው ቦታ ተተክቶ ከጥፋተኛው መጠየቅ ይችላል። በተግባር ግን መጀመሪያ የራስ ድርሻችን ይቀነሳል፤ ድርጅቱ ከዚያኛው ወገን ገንዘቡን ማስመለስ አለማስመለሱ አይነገረንም፤ ካስመለሰም የእኛን ድርሻ ሲመልስ አላየንም። አንዳንዶቻችን ደግሞ «በቀጥታ ከጥፋተኛው መድን ጠይቁ» ተብለን ተሸኝተናል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር እንደነበር ስናስታውስ፣ የዛሬ የጥገና ዋጋ ይዞ ወደዚያ መሸኘት ምን ማለት እንደሆነ መምሪያዎ ይገምተዋል።

ክቡር ሆይ፣ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። የመስከረሙ ውሳኔ በጽሑፍ ይሰጠን፤ በጥያቄ ቅጹ ላይ በዋጋ ተጽፈው አረቦን የተከፈለባቸውን የመኝታ ሳጥኖች፣ ድንኳኖችና ዕቃዎች ከካሳ የሚያስወጣው ክፍሉ ይሰረዝ፤ ከዚህ በኋላ ከሽፋን ውጭ ሊደረጉ ከታሰበም ውሉ ሲታደስ በግልጽ ተጽፎ አረቦኑም በዚያው መጠን ይቀነስ። የመኝታ መኪና ሲገጭ የመጨረሻ ግምት የሚሰጠው የተመታው ክፍል ተፈትቶ ከታየ በኋላ ይሁን፤ ተጨማሪ ግምትም «በመጀመሪያው አልተጠቀሰም» በሚል ብቻ አይመለስ፤ የጋዝ መስመር ምርመራ ወጪ ይሸፈን። ሐዋሳ ውስጥ የሳጥን ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎችና ጋራዦች በድርጅቱ መስፈርት ተመዝነው ይመዝገቡ፤ ዋጋቸውን የሚቆጣጠር ገማች ድርጅቱ ይላክ እንጂ መኪናው አይላክ። መኪናው የግድ አዲስ አበባ መሄድ ካለበት የማስጫኛውን ወጪ የወሰነው ይክፈል። የገበያ ዋጋ ግምት የተመሠረተበት ሰነድ ለመድን ገቢው ይሰጠው፤ ለከፊል ጉዳትና ለሙሉ ውድመት አንድ መለኪያ ይሁን፤ ዋጋ ሲለወጥም ደንበኛው የተገባውን መጠን እንዲያሻሽል በወቅቱ ይነገረው። በስልክ የደረሰ የአደጋ ማስታወቂያ ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠው። የማጠቃለያ ሰነድ መኪናው ተነድቶ ከተፈተሸ በኋላ ይፈረም።

በዚህ ደብዳቤ የጠቀስናቸው ጉዳዮች የመዝገብ ቁጥራቸውና ሰነዳቸው በቅርንጫፉ አለ፤ በሚወስኑት ቀን ቅጂዎቹን ይዘን አዲስ አበባ ድረስ ለመቅረብ ዝግጁ ነን። ከመካከላቸው አንዱ አደጋው ከደረሰ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። የመድን ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ የንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 ስለሚደነግግ፣ በቀጠሮ ብዛት ቀኑ እንዲያልፍብን አንፈቅድም። በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካላገኘን ጉዳዩን የመድን ሥራን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እናቀርባለን፤ በፖሊሲያችን ላይ በተጻፈው የግልግል አንቀጽም እንጠቀማለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በሐዋሳ ከተማ የካምፒንግና የመኝታ ተሽከርካሪ ባለንብረቶች ተወካይ እና የመኝታ መኪና ባለንብረት

ግልባጭ፦
ለመድን ድርጅታችን የሐዋሳ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ለአሥራ አንዱ ባለንብረቶች